ከጢስ ዓባይ እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር

ኖርዌይና ኢትዮጵያ በአየር ጠባይም በኪስም አይገናኙም። መብራታቸው ግን የሁለቱም ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። እኔ የምኖረው ኦስሎ ነው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ኤሌክትሪክ ነበሩ። የኛም መንግሥት በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ዘንድሮ ባሕር ዳር ስገባ ዓይኔ ከመኪናው ይልቅ ምሰሶና ሽቦ ላይ ነበር።

ኃይሉ እንደሆነ ደጃችን ነው። ጢስ ዓባይ ቅርብ ነው። በለስ ከጣና ውሃ ጠልፎ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በ2017 ጳጉሜን የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150። ሰፈር ውስጥ ሲገባ ግን ወሬው ሌላ ነው። ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ አምፖሉ ይደበዝዛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከግድግዳ ሶኬት ሲሞላ የሚስበው ኃይል ከእንጀራ ምጣድ አይበልጥም። ነገር ግን ምጣዱ ጋግሮ ይነሳል፤ መኪናው እንደተጣደ ያድራል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ 10 አባወራዎች ከሥራ እንደገቡ ቢሰኩ፣ ሌላ ሕዳሴ ቢገነባም ያን አሮጌ ትራንስፎርመር አያድነውም።

ኖርዌዮች ይህን በሰዓት ነው የያዙት። የመብራት ዋጋ በየሰዓቱ ይለያያል፤ የነገው ዋጋ ዛሬ ከቀትር በኋላ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ኃይል የሚስብ ቤት የመስመር ክፍያው ይጨምርበታል። ጎረቤቶቼ ማታ ሰክተው ይተኛሉ፤ መኪናው ዋጋ ሲረክስ ራሱ መሙላት ይጀምራል። አልጋ በአልጋ ነው ግን አልልም። ለፋሲካ ሁሉም ወደ ተራራ ሲወጣ፣ መንገድ ዳር ያለው የቻርጅ ሰልፍ የኛን የቤንዚን ሰልፍ ያስታውሰኛል።

ለባሕር ዳር የሚቀርበኝ ምሳሌ ግን ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አምፔር የምትባል ጀልባ ሶግኔፊዮርድ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ላይ ሥራ ጀመረች። መኪና የምታሻግር፣ ሙሉ በሙሉ በባትሪ የምትሄድ፣ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በሁለቱም ዳርቻ ያሉት መንደሮች መስመራቸው ደካማ ነበር። ጀልባዋ ደግሞ ቆማ የምትሞላው ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያን ሁሉ ኃይል በአንድ ጊዜ መሳብ መስመሩ አይችለውም። ታዲያ በየወደቡ ትልቅ ባትሪ ተከሉ። ባትሪው ከመስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፤ ጀልባዋ ስትደርስ በአንዴ ይሰጣታል። ደካማ መስመር ላለው ከተማ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የለመደች ከተማ። ጉዞዋ አጭር፣ ትራንስፖርቷም በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ለኤሌክትሪክ የምትመች ናት ብዬ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ስነግረው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ካውያ ሲያዩ ያኮርፋሉ፤ ባጃጅ ልሰካላቸው?»

እውነቱን ነው። ኖርዌይ የአፓርታማ ባለቤት መኪናውን በሕንፃው እንዲሞላ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ መብት ሰጥታለች። የኛ ሾፌር ግን ቆጣሪውም ግቢውም የሌላ ሰው ነው። ቻርጅ ማድረጊያው እሱ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ካልመጣለት ባጃጁን የትም አይሰካም።

ቻርጅ ማድረጊያው ለይስሙላ እንዳይሆንም ከጎኑ ባትሪ ይተከል። ሌሊት ከተማው ሲተኛ ይሙላ፣ ቀን ባጃጆቹን ይመግብ፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱት የሞተር ጀልባዎች የሚነሱበት ወደብም እንደዚሁ። ለዚህ የከተማው ትራንስፖርትና የመብራት ሰዎች አንድ ካርታ ላይ ማየት አለባቸው፤ የትኛው ትራንስፎርመር ትርፍ አቅም እንዳለው ሳይታወቅ ቦታ መምራት ከንቱ ነው።

እኔ ብጠየቅ ከባጃጅ ተራ እጀምር ነበር። የቤት መኪና ያለው ሰው ቢያንስ የራሱ ሶኬት አለው፤ እሱ ትንሽ ይታገስ።