ሰኔ 30ን የፈጠረ ይባረክ

የመስሪያ ቤት ዕቅድ ክፍሎችን የሚያማ ሰው አልወድም እኔ። ሃያ ምናምን ፕሮጀክት አንድ ላይ ይዘው፣ አንዱ መንገድ አንዱ የውሃ ጉድጓድ አንዱ ሶፍትዌር ሌላው ስልጠና፣ ሁሉንም የዓመት ብር ለ12 አካፍለው ከምሳ በፊት መጨረስ ቀላል ጥበብ መሰላችሁ እንዴ? አጉል የሚጠነቀቁት ቅርቡን በወር፣ ራቅ ያለውን በሩብ ዓመት፣ ከዛ ወዲያ ያለውን በዓመት እያሉ፣ ደሞ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ብሩን መቼ መቼ እንደሚፈልግ መሃንዲሱን እየጠየቁ ሲደክሙ ይከርማሉ። የኛዎቹ ኤክሴል ላይ አንድ ፎርሙላ ጽፈው ወደ ቀኝ ይጎትታሉ፣ በቃ አለቀ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምር የለ፣ እና በዕቅዱ መሰረት አስፋልቱ ነሐሴ ላይ ዶፉ እየወረደ ልክ የጥርን ያህል ብር ይበላል። ግሬደሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢቆምም ኮለሙ ላይ እየሰራ ነው። ጳጉሜ ምስኪን ግን ኮለም የላትም፣ አምስት ቀን ሙሉ ዘበኛው በነጻ ያድራል ማለት ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሰው እንዳይቸኩል ጨረታ ይጀመራል። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ህዳር፣ ሲወጣ ታህሳስ፣ ሲከፈት ጥር፣ የወደቀው ተጫራች ቅሬታ ሲያስገባ የካቲት፣ ኮሚቴው አባል ጎድሎበት ሳይሰበሰብ መጋቢት፣ ውል ሲፈረም ግንቦት! በጋው እንደዚህ በክብር ይሸኛል። ዝናብ መጣ።

ከዛ ሰኔ። በጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ያልወጣ ብር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይመለሳል፣ ብሎም ለከርሞ "እናንተማ መጠቀም አትችሉም" ተብሎ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ዓመት ሙሉ ተኝቶ የነበረው መስሪያ ቤት በአንድ ወር እንደ ንብ ይሆናል። ቶነር ይገዛል፣ ጎማ ይገዛል፣ ፕሪንተር ለሌለው ክፍልም ቶነር ይገዛል፣ ሶስት ፕሮፎርማ በአንድ ከሰዓት (ሶስቱም የአንድ ሰው እጅ ጽሁፍ ቢመስሉ አትፍረዱ፣ ጊዜ የለም)። አዳማ ላይ ሆቴል ጠፍቶ ቢሾፍቱ ይኬዳል፣ ስልጠናው ስለ በጀት አጠቃቀም ነው፣ አበሉ አለ። ለተቋራጩም 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይለቀቅለታል፣ ሳይቱ ላይ አንድ አካፋ ሳይወርድ። ከዛ ሪፖርቱን ስታዩት ፋይናንሻል አፈጻጸም 98 በመቶ፣ ፊዚካሉ፣ ማለትም መሬት ላይ የተሰራው፣ "በጥሩ ሁኔታ ላይ"። ታዲያ ምን ጎደለ?

አንዳንዱ ደግሞ ዓመት ያንሰኛል ይላል፣ አስር ዓመት ይወዳል። ይሄም የቆየ ባህላችን ነው፣ ደርግ ከ1977 እስከ 1986 የሚሄድ የአስር ዓመት መሪ ዕቅድ ነበረው፣ ግንቦት 1983 ላይ ዕቅዱ ሶስት ዓመት ሲቀረው መንግስቱ ቀድሞ አለቀ። አሁን ያለው ደግሞ ከ2013 እስከ 2022 ነው። የረጅም ጊዜ ዕቅድ ውበቱ የጻፈው ሰው መጨረሻው ላይ እዛ ወንበር ላይ አለመኖሩ ነው፣ ስለዚህ የአስረኛው ዓመት ቁጥር ሁሌም ከሁሉም ያምራል፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ላይ ግን ማንም መፈረም አይፈልግም።

እኔን የሚያስቀናኝ የለጋሽ ብር ያለበት ክፍል ነው። አንዱ ለጋሽ ዓመቱን ከጃንዋሪ ይቆጥራል፣ ሌላው ከኦክቶበር፣ መንግስት ከሐምሌ፣ ሰራተኛው ደግሞ በልቡ ከመስከረም። አላዋቂ ይሄን አይቶ ሁሉንም ወደ ወር አውርጄ ላስታርቅ ይላል። የኛ ሰው ግን አንዷን ወርክሾፕ ለሶስቱም ሪፖርት ያደርጋታል፣ የዘገየውን ደግሞ ገና ዓመቱ ያላለቀበት ካላንደር ላይ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ኦዲተር መጥቶ "ይሄ ብር እስካሁን ለምን ስራ ላይ አልዋለም?" ቢለው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "በየትኛው ዓመት ነው የሚሉት ጌታዬ?"