የአሰልጣኝነት ዘመናቸውም ይጻፍ

ስለ እግር ኳስ ተጫዋቹና አሰልጣኙ ጋሽ መንግሥቱ ወርቁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። እጃችሁ ይባረክ። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ አሰልጣኝነታቸው ሁለት መስመር ብቻ። ይሄ ቅር አሰኝቶኛል።

እርግጥ ያቺን ጎል ማን ይረሳታል? በፍጻሜው ከግብጽ ጋር ሁለቴ ተመርተን ሁለቴም አቻ ሆንን። በተጨማሪ ሰዓት የኛው ኢታሎ 3ለ2 አደረገው። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ጋሽ መንግሥቱ አራተኛዋን አስቆጠሩ። አለቀ!

በ1974 ዓ.ም. ደግሞ አሰልጣኝ ሆነው ብሔራዊ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ይዘው ሄዱ። በናይጄሪያ 3ለ0፣ በዛምቢያ 1ለ0 ተሸነፍን። ለዚህ ይሆናል ሁሉም የሚዘለው። ከአልጄሪያ ጋር ግን 0ለ0 ወጣን። የትኛዋ አልጄሪያ? ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ማጀርና ቤሉሚ ባገቧቸው ጎሎች ምዕራብ ጀርመንን 2ለ1 የረታችው! በጎል አግቢነት የምናውቃቸው ሰው ያንን ቡድን ጎል የከለከለ ቡድን ሠሩ። ይሄ እንዴት በሁለት መስመር ይታለፋል?

ከዚያ ወዲህ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ 31 ዓመት ሙሉ፣ አፍሪካ ዋንጫን በሩቁ ነው ያየነው። እባካችሁ፣ ሊቢያ በእሳቸው አሰልጣኝነት ከተጫወቱት በሕይወት ያሉትን ፈልጉና አናግሩልን። ልምምዱ እንዴት ነበር? አጥቂዎቹን ምን ይሏቸው ነበር?