ኪው ያለ ዩ አትቆምም ያለው ማነው?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጆቻችን የስክራብል ውድድር ነበራቸው፤ ከከረጢት ፊደል እያወጡ ቃል የሚሠሩበት የነጥብ ጨዋታ ነው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ደረደረች። ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩና "ይሄ ቃል አይደለም፣ አንሺው" አሏት። መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። የገለጠው የለም። ልጅቷ ቀስ ብላ "ጫት ማለት ነው" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። ቃሉ ተነሳ።

በዚህ ቢያበቃ ባልጻፍኩ። ማታ ላይ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ረጅም ማብራሪያ ለቀቁልን። ኪው ያለ ዩ አትቆምም፣ ይህን አንደኛ ክፍል ተምረናል። ቃሉ የባዕድ እንጂ የእንግሊዝኛ አይደለም። ልጆች ደግሞ በሱስ ስም ነጥብ መሰብሰብ የለባቸውም።

የሱሱን ነገር እንለፈው። ያን ዕለት "ቢራ" በእንግሊዝኛ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ማንም አላስነሳውም።

እኔን ያናደደኝ የአንደኛ ክፍሉ ነው። አንደኛ ክፍል ብዙ ነገር ተምረናል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛ ክፍል ገብተናል! ስክራብል የሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚያጠናው እኮ እነዚህኑ አጫጭር ቃላት ነው። ኪው አንዲት ብቻ ናት፣ 10 ነጥብ ታወጣለች። ዩ አራት ናቸው። መቶ ፊደል ካለበት ከረጢት አራቱ ዩዎች ሌላ ሰው እጅ ከገቡ ምን ልታደርግ ነው? ጨዋታው ሲያልቅ ኪው እጅህ ላይ ከቀረች እነዚያው 10 ነጥቦች ይቀነሱብሃል። ለዚህ ነው ኪውና አይ የምትጻፈው "ቺ" በ2006 እ.ኤ.አ. የሰሜን አሜሪካው የስክራብል መዝገብ ውስጥ ስትገባ ተጫዋቹ ሁሉ እፎይ ያለው። ቻይኖች የሕይወት ኃይል፣ እስትንፋስ የሚሉት ነው። "ቃዲ" አለ፣ የሸሪዓ ዳኛ። "ሱቅ" አለ፣ የዓረብ ገበያ፤ የኛው ሱቅ ዘመድ። እሱ ላይ ዩዋ ከፊት ትቀመጥና ኪው መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ወድቃ አላየሁም።

ደግሞም ይህ ሕግ የተባለው ነገር የእንግሊዝኛ እንኳ አይደለም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ንግሥትን፣ "ክዊን"ን፣ የሚጽፈው በሲ ጀምሮ ነበር። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲይዙ በፈረንሳይኛ ልማድ የሰለጠኑ ጸሐፊዎች ተከተሏቸው። ኪውና ዩን አጣብቀው ንግሥቲቱ ላይ የለጠፉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ባዕድ የሚባረር ከሆነ መጀመሪያ የሚባረረው የዳኛው ሕግ ነው።

ኪው ራሷስ የማን ናት? ሮማውያን ከኤትሩስካውያንና ከግሪኮች ወሰዷት፣ ግሪኮች ከፊንቄያውያን። የጥንቱ ሴማዊ ስሟ ቆፍ ነው። ዕብራይስጡ ዛሬም ቆፍ ይላታል። ዓረቡ ቃፍ ይላል። የግዕዝ መምህር "ቀ"ን በስሟ ጥራት ብትሉትስ? ቃፍ! አንድ ዘር ናቸው። አንዷ በግሪክና በሮም ዞራ ለንደን ገባች፣ አንዷ በደቡብ ዓረቢያ በኩል አክሱም ደረሰች። ይባስ ብሎ የዕብራይስጡ ፊደል ስም ራሱ በስክራብል ይፈቀዳል። ኪው፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች። አሁንም ዩ የለችም።

እኛ ደግሞ ነገሩን ከጥንት ጀምሮ ለይተነዋል። "ቀ" አለን፣ "ቈ" አለን። ኪውና ዩ ተጣብቀው ሊሉ የሚፈልጉትን እኛ በአንድ ፊደል ጨርሰነዋል። ቈ አለ ተብሎ ቀ ከገበታው ይውረድ ያለ የኔታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ኪው የ"ቀ"ን ድምፅ ይዛ ከየትኛውም አናባቢ ጋር ትሄዳለች። እኛስ ስማችንን በላቲን ስንጽፍ "ቀ" ስትመጣ ስንቶቻችን ነን ኪው የምናስቀምጠው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ኪው ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለኛ ትቀርባለች። ሥራ ያላት እኛ ዘንድ ነው። እነሱ ዘንድ ያለ ዩ ስትሆን አብዛኛውን ጊዜ የምታወጣው ድምፅ ኬም የሚያወጣው ነው።

"የባዕድ ቃል ነው" ለሚለው ደግሞ ወደ ቢ ገልጠው "ብር"ን ይፈልጉ። የኢትዮጵያ ገንዘብ ተብሎ ተጽፏል። የአሜሪካው የስክራብል መዝገብ ብዙ ቁጥሩንም ይዟል፤ "ብሮች" ይላል፣ በኛው "ኦች"! ስምንት ፊደል ነው በእንግሊዝኛ። "ጤፍ"ም አለ። የኛ ሰዋስው እንግሊዝኛ መዝገብ ውስጥ ተከብሮ ተቀምጦ፣ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ልጃችንን አንሺ እንላለን። ያ የልጅቷ "ቃት"ም ቢሆን እንግሊዝኛ ከዓረብኛ የወሰደው የጫት ስም ነው።

አንድ ነገር ልስጣቸው። ትርጉም ሳያውቁ መሸምደድ አለ። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባለው የኒው ዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እሱ እኔንም ትንሽ ይደብረኛል። የኛዋ ልጅ ግን ትርጉሙን በአማርኛ ተናግራለች፣ ያውም ዳኛው ፊት።

ጨዋታው በ9 ነጥብ ልዩነት አለቀ፣ ልጅቷ ተሸንፋ። ቃት ነጥብ የሚያባዛ ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ ብትቀመጥ እንኳ 12 ነጥብ ናት። ኪውም እስከ መጨረሻው እጇ ላይ ቀርታ ነበር።