በደንብ ታጥቦ በእንፋሎት የተመታ የሆስፒታል መቀስ በሽታ አያስተላልፍም
የድሬ ልጆች፣ ኮሜንቱ ላይ «ሆስፒታል ሌላ ሰው ላይ የዋለ መቀስ አጥቦ ይጠቀማል፣ በሽታ ያስይዛል፣ ሁሉም አንዴ ተጠቅመው የሚጣል ይሁን» የሚል ነገር እየዞረ ነው። ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። የቀዶ ጥገና ብረት መጀመሪያ በደንብ ይታጠባል፣ ከዚያ አውቶክሌቭ የሚባል ማሽን ውስጥ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ የታመቀ እንፋሎት ይመታል፤ ይሄ ኤችአይቪንም ሄፓታይተስንም፣ ውሃ ማፍላት ብቻውን የማይገድለውን የባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የባክቴሪያ ዘር) ጭምር ይገድላል። መርፌና ሲሪንጅ ግን ሌላ ነው፣ እሱ በፍጹም አይደገምም! ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ መቀሱ የታሸገበት ጥቅል ሳይከፈት ላዩ ላይ የተለጠፈውን መስመር ያለው ቴፕ አሳዩኝ በሉ። መስመሮቹ ካልጠቆሩ እንፋሎት አላገኘውም ማለት ነው። ውስጡ ያለው ጠቋሚ ወረቀትም ቀለሙ መቀየር አለበት። ሁሉም የሚጣል ቢሆን ዕቃው በዶላር ገዝተን በጅቡቲ የምናስገባው ነው፣ ሂሳቡ ታካሚው ላይ ይወድቃል፤ ፒቪሲ ፕላስቲኩም እንደ ነገሩ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ወደምንተነፍሰው አየር ይለቃል።