የከባድ መኪና ረዳት ዓመታት ለምን አይቆጠሩም?

የከባድ መኪና ሾፌር የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች ይመሳሰላሉ፤ ደረቅ 3 (የተሳቢ ደረቅ ጭነት መኪና) መንጃ ፈቃድ፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል። ልምዱ ከየት ይምጣ ለሚለው ግን መልስ የለም። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ተሳቢ የሚሰጠው የለም፤ ተሳቢ ካልነዳ ደግሞ ልምድ የለውም። ስለዚህ ዘመድ ካለበት ድርጅት የልምድ ደብዳቤ ያጽፋል። ማስታወቂያውን ያወጣውም ይህን አያጣውም።

በ2010 የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ፈቃዱን በምድብ ከፋፍሎ አስቀምጧል። ደግ አድርጓል። ችግሩ፣ ማሠልጠኛው የሚያስተምርበት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ከጅቡቲ ብረት ወይም ማዳበሪያ ጭኖ በገላፊ የሚገባ መኪና ከዚያኛው ጋር የሚያመሳስለው መሪው ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን እንውሰድ። እዚያ ፍሬን እየደጋገመ የሚረግጥ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ልቀይር ያለ ሾፌር ማርሹ እምቢ ብሎት ዜሮ ላይ፣ ማለትም ያለ ምንም ማርሽ፣ ሊቀር ይችላል። ባለንብረቱ የነዳጅ ሒሳብ ስላጠበቀበት ሆን ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚለቅም አለ! ይህን ጭነት በሌለው መኪና፣ ሜዳ ላይ፣ ማን ያስተምረዋል?

ይህን እያየ የሚያድግ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ አለ፤ ረዳቱ። ንጋት ላይ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ይዞራል፤ ከመንታዎቹ የትኛው እንደተነፈሰ ከድምፁ ይለያል። ከፍሬኑ የአየር ታንከር ውኃ ያፈሳል፣ ሸራና ገመድ ያጠብቃል፣ መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ታኮ ይዞ ይዘላል። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገባ ከኋላ ቆሞ የሚመራውም እሱ ነው። የድሮዎቹ ሾፌሮች አብዛኞቹ የወጡት ከዚህ ነው። ይሁንና ይህ ትምህርት ቤት ክፉውንም ያስተምራል፤ እንቅልፍን በጫት መሸኘትን፣ ሾፌሩ ሲደክመው ያለ ፈቃድ መሪ መጨበጥን። ሕጉ ረዳቱን እንደ ተማሪ ስለማይቆጥረው የሚማረውን የሚቆጣጠር የለም።

እኔ የምለው፣ ረዳትነት ይመዝገብ። ረዳቱ ደብተር ይኑረው፤ ፈቃድ ካወጣ በኋላም ነባር ሾፌር አጠገቡ ተቀምጦ የሠራውን እያየ ይፈርምለት፦ ጭነት ይዞ ዓባይን ወርዷል፣ ተሳቢ በሌሊት ወደ ኋላ አስገብቷል፣ ጭነቱን በሚገባ አስሯል። አሜሪካ ውስጥ መሪ የያዙ ወገኖቻችን ተመሳሳዩን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለጀማሪዎች የተደነገገው የፌዴራል ሥልጠና ዝቅተኛ የሰዓት ቁጥር የለውም፤ አሠልጣኙ ተማሪው እያንዳንዱን ክህሎት እንደቻለ አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። ወደ ኋላ መንዳት ብቻውን በበርካታ ዓይነት ተከፋፍሎ ይታያል።

ነባሩ ሾፌር ግን በነፃ አይፈርምም፤ ሊፈርምም አይገባውም። ለፊርማው ተጠያቂ ከሆነ አበል ይከፈለው። ከፋዩ የመኪናው ባለንብረት ይሁን፤ ኢንሹራንሶችም እንዲህ ያለ ደብተር ያለውን ሾፌር ለቀጠረ ባለንብረት ዓረቦን ቢቀንሱለት አይጎዱም፤ መኪና ገደል በገባ ቁጥር ካሣ የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና።