ማስተካከያ፦ ስናፕ 29 እና የቆዳ ቅባት

ባለፈው ማክሰኞ ጅማ ላሉ ተማሪዎቼ ባጋራሁት ማስታወሻ፣ ስናፕ 29 የተባለው ፕሮቲን የቆዳን ቅባት «ያመርታል» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። ሥራው ማጓጓዝ ነው፤ ቅባት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተዋሕደው ጭነታቸውን ወደ ውጭ እንዲያራግፉ ይረዳል። ፕሮቲኑ ሲጎድል ቅባቱ፣ መጋዘን እንደ ተቆለፈበት ቡናችን፣ በቦታው ሳይደርስ ይቀራል፤ የላይኛው ቆዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጣል። ይህን በሰው ላይ ያሳየው በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ የዘረመል ጥናት ነው፤ በኋላም በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል።

አንዲት እናት ማስታወሻውን አንብበው፣ ቆዳው ለሚደርቅ ልጃቸው ቅቤ ማብላት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀውኛል። የተሳሳተው ቃሌ ያመጣው ጥያቄ ነው። ስናፕ 29 ሲጎድል በሚመጣው ሕመም የታወከው የቅባቱ መጓጓዣ ስለሆነ ቅቤ አይፈታውም፤ ልጁን የቆዳ ሐኪም ይየው። የገለበጣችሁ ተማሪዎችም «ያመርታል» የሚለውን ሰርዛችሁ «እንዲደርስ ይረዳል» በሉት።