ስሙን ማን እንበለው?

ጅማ ውስጥ ከመንገድ ዳር ቡችላ አንስቶ ቤቱ ያስገባ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ስም ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቦቢና ጃክ ይፎካከራሉ። ለሰው ልጅ ስም ሲወጣ እንኳ ይህን ያህል አይመከርም። ከአቦል እስከ በረካ ግን «ለመሆኑ ክትባቱስ?» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ቡችላው ረከቦቱ አጠገብ ሆዱ ተነፍቶ ተጋድሟል። «ጠገበልን!» ይላሉ። ያ ጥጋብ አይደለም፣ ትል ነው።

የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። የመጀመሪያው ዙር አንጀት ውስጥ ያለውን ቢጠርግ፣ ገና በሰውነቱ የሚዞረውን እጭ አያገኘውምና። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዓመት በኋላ ድጋሚ። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያሻም፤ የእንስሳት ሐኪም የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ አለ።

ከዚያ ምግብ ይመጣል። እዚህ ላይ የምወደው ተረት አለ፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ሰው ይህን የሚያነሳው ለሆዱ ያደረ ባልንጀራውን ለመውጋት ነው። እኔ ግን እንደ ውል ነው የማነበው፤ አንቀጽ አንድ መብላት፣ አንቀጽ ሁለት መጮኽ። የእኛ ሰው አንቀጽ ሁለትን ሌሊቱን ሙሉ ያስፈጽማል፤ ጅብ ሲያልፍ ዝም ካለማ ሲረግመው ያድራል። አንቀጽ አንድ ላይ ሲደርስ ግን የምሳ ወጥ ጥራጊ ይዞ ብቅ ይላል። ወጣችን ደግሞ ግማሽ አካሉ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ ቁሌት፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም «ቡዳ በላብኝ» ይላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ሳንባና ጉበት ጥሬውን ከተሰጠው ውስጡ ሊኖር የሚችለው ውሃ የቋጠረ የትል እጭ ከረጢት በውሻው ሆድ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ በልጆች እጅ በኩል ተመልሶ ወደ ማዕዱ ይመጣል። ስለዚህ በደንብ ቀቅሎ፣ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር ለውሶ፣ ለቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። የቡና አተላም አይደፋበት፤ ካፌይን ልቡን ያስደልቀዋል። በጅማ ምድር ቡና የማይስማማው ነዋሪ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጆሮው ላይ ግን ቀልድ የለም። ጆሮው ከተቆረጠ ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ በምላጭ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ እግሩ ተረግጦ ይቆረጥለታል። በክረምቱ ዝናብ ቁስሉ አይደርቅም፤ ዝንብ ይወርርበታል፣ ይተላል። ውሻ በጆሮው ነው የሚናገረው፤ ሲፈራ ያስተኛዋል፣ ሲያተኩር ይቀስረዋል። ቆርጦ ከጣለ በኋላ «ሳያስጠነቅቅ ነከሰኝ» ብሎ የሚከስ ባለቤት አለ። ጀግንነት በምላጭ የሚገኝ ከሆነ ከራሱ ጆሮ መጀመር ይችል ነበር።

ማደሪያውም ቢሆን ዝናቡን ያገናዘበ ይሁን፤ ወለሉ በብሎኬት ከፍ ብሎ ጣውላ ይነጠፍበት፣ ላዩ ላይ አሮጌ የቡና ጆንያ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ጆንያው ይራገፍ፣ ይሰጣ፤ ቁንጫ የሚራባው ካልተነካ መኝታ ላይ ነው። ግቢው ይዘጋ። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚወጣ ጎረቤት የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም፤ ሁሌ እየተሳቀቀ በደጃፍህ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ሴት ከሆነች ደግሞ ትምከን፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ብቻ ነው፣ ቡችሎቹም በፌስታል ታስረው አዌቱ ዳር የሚጣሉት ስም ያወጣላት ቤተሰብ ሲሰለች ነው። የተጣለው አድጎ ሲበዛ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ይበተናል። ያ የእብድ ውሻ በሽታን አያቆምም፤ በሞተው ቦታ ሌላ ያልተከተበ ይገባል። የሚያቆመው ከከተማው ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው።

ስሙ? ቦቢም ይሁን ጃክ፣ ክትባቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ተነካሹ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለምና። ውሻው በድንጋይ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ደህና ሆኖ ከሰነበተ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያስቆም ይችላል፤ ከገደሉት ግን ተነካሹ እስከ መጨረሻው መወጋቱ ነው።